በር ጠባቂዋን ያስነሱብኝ እትዬ

መልእክቱ ሲገባ የሐጃን እግር ለብ ባለ ውሃ እያጠብኩ ነበር። ሐጃ የአሠሪዬ እናት ናቸው፤ ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ ሰፈር ውስጥ ባለው ትልቅ ቤት የኔ ሥራ እሳቸውን መንከባከብ ነበር። እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ስልኬን አየሁት። የድምፅ መልእክት ነው። አሥራ ሰባት ደቂቃ። የላኩት ከጎናችን ካለው ቤት ምግብ የሚሠሩት የወሎ ሴት ናቸው፤ እኔ እትዬ ነው የምላቸው። ወዲያው ሌላ አጭር ድምፅ ተከተለ።

"ምዕራፍ አንድ ነው ልጄ። በጽሑፍ አድርጊውና ለግሩፑ ላኪልኝ። ያላማረ ነገር ካለ አንቺ ታውቂያለሽ።"

ወላሂ፣ ስልኩን እግር ማጠቢያው ውስጥ ልጥለው ምንም አልቀረኝም።

ለምን እንዲህ እንደተበሳጨሁ እንዲገባ ከመጀመሪያው ልናገር። ይህ የሆነው ጦርነቱ ካርቱምን ከመበተኑ በፊት በነበረው ዓመት ነው። ያኔ ከተማው ውስጥ የማውቃቸው ሐበሾች ሁሉ በስልካቸው አንድ ጨዋታ ይጫወቱ ነበር። ነጋዴ ሆነህ፣ ግመሎችህን እየነዳህ፣ በረሃ ታቋርጣለህ። የውሃ ጉድጓድ ትፈልጋለህ፤ ሽፍታ ይመጣብሃል፤ ከተረፍክ አንዲት በግንብ የታጠረች ከተማ ትደርሳለህ። በሩ ላይ አንዲት ሴት ቁልፍ ይዛ ተቀምጣለች። ጨዋታው በዓረብኛ ነው፤ ሴትየዋ ግን የምትናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ከየት መጣህ?" መልስህን ሰምታ ወይ ትከፍትልሃለች፣ ወይ ትከለክልሃለች። ለምን እንደምትከፍትና ለምን እንደምትከለክል ማናችንም አናውቅም። ሌላው ሁሉ በጨዋታው ውስጥ ይንቀሳቀሳል፤ እሷ ብቻ ከወንበሯ አትነሳም።

እኔ ደሴ ተማሪ ሳለሁ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የነበረውን ልብ ወለድ ሁሉ ሁለት ሁለት ጊዜ ያነበብኩ ሰው ነኝ። ሐጃ ከሰዓት በኋላ ሲተኙ፣ ያቺ ሴት በሩ ላይ እንዴት እንደተቀመጠች ማሰብ ጀመርኩ። ማን አስቀመጣት? ቁልፉን ማን ሰጣት? አሥር ክፍል ጻፍኩና ጨዋታውን የምንጫወት ሐበሾች ያለንበት የስልክ ግሩፕ ላይ ለጠፍኩት። ሌላ ሰው የፈጠረው ዓለም ውስጥ ገብቶ የራስን ታሪክ መጻፍ ፋን ፊክሽን እንደሚባል እንኳ ያወቅሁት ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ነው።

ሰዉ ወደደው። ባይወደው ይሻለኝ ነበር።

ምክንያቱም በሁለት ሳምንት ውስጥ ግማሹ ግሩፕ ደራሲ ሆነና ጽሑፉን ሁሉ ወደ እኔ ይልክ ጀመር። "ኡስታዛ፣ እዪልኝ።" አስተማሪ ማለታቸው ነው፤ ማን እንደሾመኝ አላውቅም። አንዷ የላከችልኝ ታሪክ ውስጥ የጀግናዋ ፀጉር፣ ወገብ፣ የጥርሷ ንጣትና የጫማዋ ቀለም ሁለት ገጽ ፈጀ። ከዚያ ሽፍቶቹ በሙሉ አፈቀሯት።

"ይህቺ ልጅ ችግሯ ምንድን ነው?" ብዬ ጠየቅኋት።

"ምንም ችግር የለባትም" አለችኝ፣ እየኮራች።

"እንግዲያው ምኑን ልናነብ ነው?" አልኳት። ሦስት ቀን አኮረፈችኝ።

ሌላው ጨዋታውን እንዳለ ገልብጦት ነበር። "ከዚያ ወደ ግራ ዞርኩ። አንድ ጉድጓድ አገኘሁ። ከዚያ ደረጃዬ ወደ ስድስት ከፍ አለ። ከዚያ ወደ ቀኝ ዞርኩ።" ወንድሜ፣ ይህንን እኮ ሁላችንም ተጫውተነዋል! አንደኛው ደግሞ ምዕራፍ አሥራ አንድን ላከልኝ። ከአንድ እስከ አሥር ያለው የት አለ ስለው "እሱን ኢንሻአላህ በኋላ" አለኝ። ለእያንዳንዱ ሰው ያንኑ ነገር ስመልስ አውራ ጣቴ ያብጥ ጀመር።

ምርር ሲለኝ "የፊታችን ጁምዓ ጀብራ ኑ፤ ለሁላችሁም አንድ ጊዜ ልናገርና ይውጣልኝ" ብዬ ጻፍኩ። ጀብራ የሚባለው ሰፈር ውስጥ ከአራት ሴቶች ጋር ሆነን ለዕረፍት ቀናችን የተከራየናት አንዲት ክፍል ነበረችን። ከአል-ጣኢፍ እዚያ ለመድረስ ሁለት ሐፍላ መቀያየር አለብኝ፤ በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ሚኒባስ፣ የሰው ክርን ጎኔን እየወጋኝ። በሳምንት ያለችኝን አንዲት የዕረፍት ቀን ለዚህ ነበር የሠዋኋት።

በመጀመሪያው ጁምዓ ዘጠኝ ሰው መጣ። መብራት ጠፋ፤ ማራገቢያው ቆመ፤ ሰዉ በካርቶን ፊቱን እያራገበ የምናገረውን ሳይሆን በሩን ያይ ነበር። በሁለተኛው ጁምዓ የመጡት ሁለት ብቻ ናቸው። አንዷ እትዬ ናቸው። ሌላው ከወልድያ አካባቢ የመጣ፣ ሕንፃ ሥራ ላይ የቀን ሥራ የሚሠራ ወጣት ነው። ወደ ሰሜን ለመሻገር ቀን የሚጠብቅ መንገደኛ ነበር፤ ሲሚንቶ የሰነጣጠቀው እጁ ላይ አዲስ ደብተር ይዞ መጣ።

ከእሱ ጀመርኩ።

"ምዕራፍህ ላይ ስንት ሰው ነው የሞተው?"

"ዘጠና።"

"በስንት ገጽ?"

"በአንድ ተኩል" አለና ፈገግ አለ፤ የማደንቀው መስሎታል።

"ከዘጠናው አንዱን እንኳ ታውቀዋለህ? ምን ይመስላል? ምን ፈልጎ መጣ?"

"ሽፍቶች ናቸው እኮ እህቴ!"

"እሺ፣ ዘጠናውን ተውና አንድ ሽፍታ ብቻ አምጣልኝ። ውሃ ያለቀበት ይሁን። ያንተ ነጋዴ ደግሞ ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ውሃ ይኑረው።"

ደብተሩ ላይ በትልልቅ ፊደል "አንድ ሽፍታ። ውሃ።" ብሎ ጻፈ። ታዛዥነቱን ሳይ ተስፋ አደረግሁ። ወደ እትዬ ዞርኩ። የእሳቸው ታሪክ ምን እንደሆነ በቃል ነበር የሚነግሩኝ፤ ማንበብ የሚችሉት ፊደል በፊደል ነው፣ መጻፍማ የለም።

"የኔዋ ሴትዮ ከበሩ ትነሳለች" አሉኝ።

"እትዬ፣ እሷ ከበሩ አትነሳም።"

"ማን ነው ያለው?"

"ጨዋታው።"

"እግር የላትም?"

"እግርማ አላት፣ ግን..."

"እግር ካላት ትነሳለች።"

"የሌላ ሰው ዓለም ውስጥ ገብተን ስንጽፍ ሕጉን መጠበቅ አለብን። በረሃው በረሃ፣ ግመሉ ግመል፣ በር ጠባቂዋም በር ጠባቂ ሆና ነው መቆየት ያለባት። እንደፈለግን የምናደርጋት ከሆነማ ለምን የራስዎን ሴት አይፈጥሩም?"

"ልጄ፣ ሌላ ሴት ምን ያደርግልኛል? እኔ ይቺን ነው የማውቃት።"

አንድ ሰዓት ሙሉ እንዲህ ስንመላለስ ቆየን። እሳቸውን አንቺ ብዬ መናገር ብችል ኖሮ ትንሽ ይወጣልኝ ነበር። እርስዎ እያሉ መቆጣት ምን ያህል እንደሚያደክም የሞከረው ያውቀዋል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ያ አሥራ ሰባት ደቂቃ የመጣው። ሐጃ እስኪተኙ ጠብቄ ሰማሁት። መሃል ላይ ድስት ሲገነፍል ይሰማል፤ እትዬ ድስቱን ይቆጡታል። ማዳማቸው ትጠራቸዋለች፤ "ሐዲር!" ብለው ይመልሳሉ፣ ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ፣ የት እንደደረሱ ረስተው ወደ ኋላ ተመልሰው ይጀምራሉ። ግመል ይናገራል። በጨዋታው ውስጥ ግመል አይናገርም! ግመሉ ለበር ጠባቂዋ "እህትሽ ልትዳር ነው" ይላታል። ከዚያ ሰርጉ ላይ የተጠሩት ዘመዶች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ፤ የማን ልጅ፣ የማን ሚስት፣ የማን ጎረቤት። በመጨረሻ በር ጠባቂዋ ቁልፉን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ትሄዳለች። ምዕራፍ አንድ አለቀ።

ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብዬ በጽሑፍ አደረግሁት። ያላማረውን አንቺ ታውቂያለሽ ብለውኛል፤ አወቅሁ። የግመሉን አፍ ዘጋሁ። ዘመዶቹን በሙሉ አወጣሁ። መጨረሻውንም አስተካከልኩ፤ ሴትየዋ ወሬውን ሰምታ ትነሳለች፣ መንገዱን ታያለች፣ ተመልሳ ትቀመጣለች። ደጋግሜ አነበብኩት። አማረልኝ። ሳልጠይቃቸው በእሳቸው ስም ለጠፍኩት።

በማግሥቱ ጠዋት የጓሮው በር ተንኳኳ። እትዬ ናቸው፤ ዱቄት እጃቸው ላይ እንዳለ ነው የመጡት። ጽሑፉን የጀብራዋን ክፍል አብራኝ የተከራየች አንዲት ልጅ በስልክ አንብባላቸዋለች።

"ማነው ያስቀመጣት?" አሉኝ፣ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡኝ።

"እትዬ፣ እንዲህ ይሻላል ብዬ ነው..."

"እኔ አስነሳኋት። ቁልፉን ወንበሩ ላይ ትታ ሄደች ብዬ ነገርኩሽ። አንቺ ማን ነሽና ነው መልሰሽ የምታስቀምጫት?"

"አስተካክይ ስላሉኝ እኮ..."

"ያላማረውን አልኩሽ እንጂ መሄዷን አላልኩሽም። ስሜን አውጪልኝ። ይቺ ሴትዮ የኔ አይደለችም።"

ሄዱ። ቀትር ላይ ከግሩፑ መውጣታቸውን ስልኬ ነገረኝ።

ተጸጸትኩ ብል ውሸቴን ነው። ደሜ ነበር የፈላው። የሁለት ቀን ዕረፍቴን ሰጥቼ፣ ጣቴ አብጦ፣ እንደገና ጥፋተኛዋ እኔ? ያን ቀን ለጀማሪዎች የሚሆን ረጅም መመሪያ ጻፍኩ። ጀግናችሁ ፍጹም አትሁን፤ ነጥብ አትቁጠሩ፤ ሁሉም ሰው በአንድ አፍ አይናገር፤ ከመጀመሪያው ጀምሩ፤ የጨዋታውን ሕግ አትጣሱ። አንብቦ የመለሰልኝ አንድ ሰው ነው። "በአጭሩ ምን ለማለት ነው?" አለኝ።

በዚያው ሳምንት የወልድያው ልጅ የታረመ ምዕራፉን ላከ። ከፈትኩት። "ሽፍታው መጣ። ውሃ ጠየቀ። ነጋዴው ግማሹን ሰጠው። ሽፍታው ጠጥቶ ሄደ።" ከሥሩ "እንዳልሽኝ አደረግሁት እህቴ" ይላል። አልቋል። ለፖሊስ የተሰጠ ቃል ነበር የሚመስለው። ዘጠና ሰው ሲገድል የነበረው ልጅ ቢያንስ ትንፋሹ ይሰማ ነበር፤ ይህ ግን ሬሳ ነው። አንዷ የምላትን አንዱንም አትሰማ፣ አንዱ የምለውን ሁሉ ሰምቶ ጽሑፉን ይገድል። ያ ረቢ፣ ምን ይሻለኛል?

ማታ እራት ሠርቼ ዕቃ ሳጥብ ሐጃ ከሳሎን ጠሩኝ።

"ድስቱ ምን አደረገሽ?" አሉኝ በዓረብኛቸው።

የሚያዳምጠኝ ሰው ሳገኝ አላቆምኩም። ጨዋታውን፣ በሩን፣ እትዬን፣ ግመሉን ሁሉ ነገርኳቸው። ሐጃ መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ሰሙኝ። እውነቱን ይፈርዱልኛል ብዬ ስጠብቅ እንዲህ አሉ፦

"ከዚያስ? ሰርጉ ላይ ደረሰች?"

"አላውቅም ሐጃ። አልሄደችም እኮ። እኔ መለስኳት።"

"ለምን?"

"የጨዋታው ሕግ ነው።"

"ሕጉን ተዪውና፣ ልጄ፣ ደረሰች ወይስ አልደረሰችም?"

በማግሥቱ ጠዋት መድኃኒታቸውን ስሰጣቸው እንደገና ጠየቁኝ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ። ሐጃ ምሳ መብላታቸውን ይረሳሉ፤ ይህን ግን አልረሱትም። በሦስተኛው ቀን እኔም ራሴ ምንጣፍ እየጠረግሁ ስለዚያች ሴት መንገድ ሳስብ ራሴን ያዝኩት። ደርሳ ይሆን? ባዶ እጇን ነው የሄደችው?

እትዬ ወጥ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ባሚያ እየከተፉ አገኘኋቸው። ሌላ ቢላ ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ። ተቀምጬ ከተፍኩ። ግማሽ ሳህን ያህል ከከተፍኩ በኋላ አፌን ከፈትኩ።

"ይቅር ይበሉኝ እትዬ። አጥፍቻለሁ። ሳልጠይቅዎ መንካት አልነበረብኝም።"

"አልነበረብሽም።"

"ሐጃ ደግሞ አላስቀምጥ ብለውኛል። ሰርጉ ላይ ደረሰች ወይ እያሉ ይጠይቁኛል።"

ቢላውን አስቀመጡት። "የናንተ አሮጊት?"

"በቀን ሦስት ጊዜ።"

ያኔ ሳቁ። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ የቀረውን ነገሩኝ። በር ጠባቂዋ የደረሰችው በማግሥቱ ነው። ድንኳኑ እየፈረሰ ነው፤ ሙሽሪት ሄዳለች፤ ሴቶቹ ትልልቅ ድስት ያጥባሉ። ሰው ሁሉ ከየት እንደመጣ ስትጠይቅ የኖረችውን ሴት፣ ማንም ከየት መጣሽ አላላትም። አንዲት አክስቷ በአጠገቧ ስታልፍ "እስቲ ይህን ያዢልኝ" ብላ ወንፊት ሰጠቻት። ያዘችላት። አክስቷ ሳትመለስ መሸ።

ባሚያ መክተፌን ትቼ ነበር።

"ለምን አይጠይቋትም እትዬ? ያን ሁሉ ዘመን ጠፍታ?"

"ሰርግ ቤት ሥራ አለ እኮ ልጄ። ማን ጊዜ አለው?"

እትዬ አገራቸውን ካዩ አሥራ አንድ ዓመት እንደሆናቸው አውቅ ነበር። ስለዚያ አልጠየቅኋቸውም።

በዚህ ጊዜ ከአፋቸው እንደወጣ ጻፍኩት። ስለ ግመሉ ብቻ አንድ ጊዜ ሞክሬ ነበር። "ግመሉ ግን እትዬ..." ስላቸው "ግመሉ ይናገራል" አሉኝ፤ እሺ አልኩ። ዘመዶቹንም መለስኩ፤ አንዱም አልቀረ። የድሮውን አጥፍቼ አዲሱን በስማቸው ለጠፍኩት። ጽሑፉን ተከትሎ የመጣው መልእክት የኔ አሥር ክፍሎች ተደምረው ካገኙት ይበልጣል። አንዲት የማላውቃት ልጅ ምዕራፉን አንብባ ለእናቷ መደወሏን ጻፈች። ደስ ሊለኝ ሲገባ አራት ቀን ፊቴን ቋጥሬ ዋልኩ። ቅናት ነበር። የመጨረሻው መጨረሻ ላይ የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ ሴትየዋ እንደማትነሳ ሁላችንም ባናውቅ ኖሮ መነሳቷ እንዲህ አያደርገንም ነበር። ሕጉን የሚጥስ ሰው መጀመሪያ ምን እየጣሰ እንደሆነ በደንብ ማወቅ አለበት። ይህንን ለእትዬ ነገርኳቸው። "ታዲያ አላውቅም አልኩሽ?" አሉኝ።

ሐጃም ታሪኩን ሰምተው መቁጠሪያቸውን አነሱ። ግልግል ነው ብዬ ልነሳ ስል "ወንፊቱን በመጨረሻ ማን ተቀበላት?" አሉኝ። ቀሚሴን ሰብስቤ እንደገና ወደ ጎረቤት ሄድኩ። እትዬም አላውቅም አሉ፤ "ገና አላሰብኩበትም፤ አትቸኩሉ በያቸው።"

የወልድያው ልጅ ካርቱም ሁለት ወደሚባለው ሰፈር ጠራኝ። ጫማ ሊገዛ መጥቶ ነበር፤ ከሱቁ ፊት ለፊት ጥላ ፈልገን ቆምን።

"የእትዬን አነበብኩት" አለኝ። "የኔን ግን ገደልሽው።"

"እኔ? የላክኸው አራት መስመር እኮ ነው!"

"አንድ ሽፍታ አልሽኝ፤ አንድ አደረግሁ። ውሃ አልሽኝ፤ ውሃ አደረግሁ። ሌላ ምን ላድርግ?"

እውነቱን ነበር። ምን ማድረግ እንዳለበት ነገርኩት እንጂ ምን ማድረግ እንደሚወድ ጠይቄው አላውቅም።

"ስትጽፍ ምኑ ነው ደስ የሚልህ?"

አሰበ። "ሩጫው። ሰው ሲሮጥ።"

"እንግዲያው የሚሮጠውን ሰው ጻፍ። ደክሞት፣ ጎኑን ወግቶት፣ ጫማው ወልቆ። ቁጥሩ የፈለገውን ያህል ይሁን፤ አንዱን ብቻ ቀረብ ብለህ እየው።"

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በዚያ ሳምንት እንደሚሄድ ነገረኝ። አዲሱ ጫማ ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

"እኔ ካልጨረስኩት አንቺ ጨርሺልኝ" አለ።

"አልጨርስም። የሰው ጽሑፍ ውስጥ እጄን ሳስገባ ምን እንደሆነ አይተሃል። የራስህን ራስህ ጨርስ።"

የተናገርኩት በቁጣ ነበር፤ ምን ሆኜ እንደተቆጣሁ እሱም ገብቶታል መሰለኝ፣ እጄን ይዞ "አብሽሪ" አለኝ። በሐፍላው ውስጥ እስከ ቤት ድረስ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

ከሁለት ወር በላይ ምንም አልሰማሁም። አንድ ቀን ልብስ ሳሰጣ መልእክቱ ገባ።

"ሰላም ነሽ እህቴ? ደህና ነኝ። አሁን ያለነው ባሕር ዳርቻ ነው፤ ገና አልተሻገርንም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጨዋታው ውስጥ ባሕር የለም። ነጋዴዬን ባሕር ባደርሰው ሕግ መጣስ ነው?"

የያዝኩት አንሶላ መሬት ወደቀ። "አልሐምዱሊላህ" እያልኩ መጀመሪያ "አዎ፣ ነው" ብዬ ጻፍኩ። አጠፋሁት። "ይድረስ። ባሕሩ ምን እንደሚመስል ግን አትጠይቀኝ፤ አይቼው አላውቅም። ያየኸው አንተ ነህ" ብዬ ላክሁለት።

በማግሥቱ ግማሽ ገጽ መጣ። "ባሕሩ ሰማያዊ ነበር" የሚለው አራት ቦታ ተጽፏል። አራት ቦታ! መጨረሻው ላይ ግን ግመሎቹ ውኃውን አሽትተው ፊታቸውን አዞሩ፤ ነጋዴው ያን ያህል ውኃ እያየ ለግመሎቹ ምን ብሎ እንደሚያስረዳቸው ጨነቀው ይላል።

"ሦስቱን ሰማያዊ አውጣ። ግመሎቹን አትንካ" ብዬ ጻፍኩለት።

"እሺ እህቴ" አለ። ሁለቱን ብቻ አወጣ።